«ፕሪ-ሜድ» እና የኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ምህንድስና የሚማር ወጣት እንደ አሜሪካ «ፕሪ-ሜድ»፣ ማለትም ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ የሚያዘጋጁ ኮርሶችን፣ ጨምሮ በመውሰድ ሐኪም ለመሆን ቢያስብ፣ መንገዱ በኢትዮጵያ የለም።

እዚህ ሕክምና በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ስለሚሰጥ፣ በ2012 ዓ.ም. ዳግም የተጀመረውን የጋራ የመጀመሪያ ዓመት፣ «ፍሬሽማን» የሚባለውን፣ የጨረሰ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚመደበው በምርጫውና በውጤቱ ተወዳድሮ ነው፤ ወሳኙም ጊዜ ይኸው ዓመት ነው።

በ2004 ዓ.ም. የሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን የሚቀበል የሕክምና መርሐ ግብር በመጀመሩ፣ ዲግሪን ጨርሶ መወዳደር የሚቻልበት አሠራርም ታይቷል። ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ትምህርቱን ባያቋርጥ ይመረጣል፤ ከመወሰኑ በፊትም በዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚሠሩ ተለማማጅ ሐኪሞችን ስለ ሌሊት ተረኛነት ቢጠይቅ እጅግ ይጠቅመዋል።

የምደባው መስፈርት ሊለወጥ ስለሚችል የዘመኑን ማስታወቂያ ከሬጅስትራር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።