ያውቁ ኖሯል? በይፋት መካ ያለችው በስተሰሜን ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲጓዙ ሸዋሮቢት ላይ ምሳ በልተው አልፈው ይሆናል። ይፋት በሚባለው አካባቢ፣ ከደጋው ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ግን የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ እንዳለ ያውቁ ኖሯል?

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ካጠኗቸው መካከል ኖራና አስባሪ ይገኙበታል። ኖራ ላይ አንዳንዱ ግድግዳ እስከ 5 ሜትር ከፍታ ድረስ ሳይፈርስ ቆሟል፤ የመንገድና የመኖሪያ ቤቶች ዱካም አለ። የአስባሪው መስጊድ ደግሞ በአገራችን ከሚታወቁት ጥንታዊ መስጊዶች በስፋቱ ከቀዳሚዎቹ ይመደባል።

ሸዋሮቢትና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከ40 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር በስተምዕራብ ጥቂት ፈቀቅ ብለው ነው ያሉት። ስለዚህ ወደ መካ ዞሮ የሚሰገደው፣ ግብፅ ውስጥ ፊትን ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያስመልሰው ሶላት፣ ይፋት ላይ ፊትን በቀጥታ ወደ ሰሜን አዙሮ ነው። ሚህራቡን፣ ማለትም ኢማሙ የሚቆምበትን ከግድግዳው ገባ ያለ ቅስት፣ በሰሜኑ ግድግዳ ይፈልጉት።

አካባቢውን እ.ኤ.አ. ከ1285 ጀምሮ የገዛው የወላስማ ሥርወ መንግሥት ነው። የሱልጣኖቹ መካነ መቃብር ከነዐረብኛ ጽሑፉ የሚገኘውም እዚያው ሸዋሮቢት አጠገብ ነው። የድንጋይ ቤት አሠራሩ ዛሬም አልጠፋም፤ በስተሰሜን፣ በተራራ አናት ላይ ባለችው የአርጎባዎች መንደር ሾንኬ ሰው ይኖርበታል።

ፍርስራሹን ሊያዩ ከሄዱ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ አንድም ድንጋይ ከቦታው አያንሱ።