ፈቃድ የጠየቀው ጥንዚዛና ሳይጠይቅ የገባው አረም

የቦርከና ወንዝ ወደ አዋሽ ከመውረዱ በፊት ተንጣሎ የሚያልፍበት የጨፋ ሜዳ፣ በከሚሴና በጨፋ ሮቢት ዙሪያ ለሚኖሩ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአማራ ገበሬዎች የእርሻና የግጦሽ መሬት፣ በበጋ ከቆላው ከብቶቻቸውን እየነዱ ለሚወጡ የአፋር አርብቶ አደሮች ደግሞ ሣር ሲጠፋ የሚደርሱበት መጠጊያ ሆኖ የኖረ ረግረጋማ ሸለቆ ነው። በወሎና በአካባቢው ቆላዎች ሣሩን እየተካ የመጣውና በአማርኛ ቅንጬ አረም፣ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ የሚባለው ፓርቴኒየም የሚያደርሰው ጉዳት ለዚህ አገር አንባቢ አዲስ ወሬ አይደለም፤ የበላችው ላም ወተት ይመራል፣ የነቀለው እጅ ይቆጣል፣ የአበባው ብናኝ አስም ያለበትን ሰው ያፍናል፣ ሳይታረም በከረመ የማሽላ ማሳ ላይም በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ከ40 እስከ 97 በመቶ የሚደርስ የምርት መቀነስ መዝግቧል። ብዙ ጊዜ የማይነሣው፣ ይህን መጤ ለመቆጣጠር ሌላ መጤ ማስገባት ስለ መፈቀዱና ፈቃዱም ስለ ፈጀው ዘመን የተደረገው ክርክር ነው።

መጤ ዝርያ የሚባለው ከተፈጥሮ መኖሪያው ውጭ፣ በሰው እጅ ወይም በሰው እንቅስቃሴ ሰበብ ወደ አዲስ አገር የገባ ዕፅ ወይም እንስሳ ሲሆን፣ በገባበት አገር ተባዝቶ ነባሩን ሲያፈናቅል ወራሪ የሚል ቅጽል ይጨመርለታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሆን ተብለው የተተከሉ ናቸው። በአዋሽ ሸለቆ ነፋስ እንዲከላና አሸዋ እንዲይዝ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ ዛሬ የአፋርን የወንዝ ዳር ግጦሽ እሾህ አድርጎታል፤ እዚያ ግጦሹ በጠበበ ቁጥር የአፋር ከብት ወደ ጨፋ የሚወጣበት ምክንያት ስለሚበረታ፣ የአንዱ ወራሪ ጣጣ ሌላው ወደሚያስቸግርበት ሜዳ ይሸጋገራል።

መነሻው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የሆነው ፓርቴኒየም ግን ማንም ሳይጋብዘው የገባ ነው። አንደኛው ግምት በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ በተሽከርካሪ ጎማና በጭነት ላይ ተጣብቆ ከሶማሊያ ተሻገረ ሲል፣ ሁለተኛው ከእርዳታ ስንዴ ጋር መጣ ይላል። የሁለተኛው ግምት ደጋፊዎች አረሙ እህል ይታደልባቸው በነበሩ ጣቢያዎች አካባቢ መታየቱን ይጠቅሳሉ፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎ ውስጥ ኮረምና ባቲ ምን እንደነበሩ ለሚያስታውስ ሰው ይህ በቀላሉ የሚታመን ነው። ሆኖም አረሙ ከዚያ ድርቅ በፊት፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለማያ ተመዝግቦ ስለነበር፣ ድርቁ ብቸኛው በር ሊሆን አይችልም። በየትኛውም በር ይግባ፣ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ሊጥል የሚችል በመሆኑ ጥቂት ፍሬ ያለበት አንድ ጆንያ ይበቃው ነበር።

አረሙን ለመግታት ከታሰቡት መንገዶች አንዱ በተፈጥሮ ጠላት መቆጣጠር፣ ማለትም በትውልድ አገሩ የሚበላውን ነፍሳት አምጥቶ መልቀቅ ነው። ለዚህ የተመረጠው ዚጎግራማ ባይኮሎራታ የተባለ ጥንዚዛ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ክሬማማ ጀርባው በቡናማ ጠመዝማዛ መስመሮች የተጌጠ፣ እጩም ጉልምሱም የፓርቴኒየምን ቅጠል ቆርጥሞ የሚጨርስ፣ ደረቁን ወራት አፈር ውስጥ ተቀብሮ አሳልፎ ዝናብ ሲጥል የሚወጣ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ወደ አምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል በ2007 እ.ኤ.አ. ገብቶ በኳራንቲን፣ ማለትም ነፍሳት በማያመልጥበት ዝግ ቤት ውስጥ ተይዞ የተመረመረ ሲሆን፣ ከፓርቴኒየም ሌላ ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ በተለይ በኑግ ላይ አተኩሯል፤ ኑግና የፈረንጅ ሱፍ የአረሙ ቤተሰቦች ናቸውና። በወለንጪቲ ሜዳ ላይ የተለቀቀው በ2016 እ.ኤ.አ. ነበር።

ጥንዚዛው ሰብል ይበላ ይሆናል የሚለው ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ የሕንድ ታሪክ ምስክር ነው። አረሙ ሕንድ የገባው ከውጭ ከመጣ ስንዴ ጋር እንደሆነ ይታመናል፤ ይኸው ጥንዚዛም ከሜክሲኮ መጥቶ በ1984 እ.ኤ.አ. በባንጋሎር ተለቀቀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈረንጅ ሱፍ ቅጠል ሲበላ ታየ ተብሎ ገበሬውም ሳይንቲስቱም ለሁለት ተከፈለ፤ ነፍሳቱን ማሰራጨት ታገደ፤ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። በምርመራው ጥንዚዛው ሱፉን የነካው የአረሙ ብናኝ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ እየሳበው እንደሆነና በሱፍ ላይ ብቻ ኖሮ ሊራባ እንደማይችል በመታወቁ፣ እገዳው በ1999 እ.ኤ.አ. ተነሣ። ሱፉ የተበላው አጠገቡ አረም ስለነበረ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ሁሉ የእገዳ ዘመን ግን አረሙን የከለከለው አልነበረም።

የሚታወቀው ሲታገድ ሳይጠይቅ የገባው የሚስፋፋበት ይህ መዛነፍ እንስሳት በሚረቡበት ዓለምም ይታያል። በፍሎሪዳ በየቤቱ ይረቡ ከነበሩ የበርማ ዘንዶዎች ያመለጡትና የተጣሉት ኤቨርግሌድስ የተባለውን ረግረግ ከወረሩ በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ2012 እ.ኤ.አ. ዘንዶውን በጎጂ ዝርያነት መዘገበ፤ እባብና እንሽላሊት አርቢዎች በማኅበራቸው በኩል ከስሰው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤት ምዝገባው የተመሠረተበት ሕግ ከአንዱ የአህጉሪቱ ግዛት ወደ ሌላው ማጓጓዝን አይከለክልም ሲል ወሰነ። ምዝገባው የመጣው ዘንዶው ረግረጉን ከያዘ በኋላ ስለነበር ሸክሙ የወደቀው ስሙና አድራሻው በሚታወቀው አርቢ ላይ ሆነ።

በኢትዮጵያም ኳራንቲን ደጅ ጠንቶ የሚገባውን ይመረምራል። ጥንዚዛው ከመግባቱ እስከ መለቀቁ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል፤ ምርመራው አላስፈላጊ ነበር ለማለት ባይቻልም፣ አረሙ በእነዚያ ዓመታት ዘሩን ከመጣል አልቦዘነም። በዚያው ጊዜ ከወረዳ ወረዳ የሚዘዋወረው የመኪና ጭቃ፣ የግንባታ አሸዋ፣ የዘር እህልና ድርቆሽ ፈቃድ የሚጠይቀው አልነበረውም፤ የእነዚህ ተጠያቂ የግብርና ጽሕፈት ቤት ነው ወይስ የአካባቢ ጥበቃ፣ ወይስ የመንገድ ሥራ ለሚለው ጥያቄ ኃላፊነቱን በደፈናው የሚወስድ ባለሥልጣን አይገኝም፤ አንዱ ወደ ሌላው ይመራል።

ለጨፋ የሚቀረው ጥያቄ ተግባራዊ ነው። ጥንዚዛው የሚከርመው አፈር ውስጥ ስለሆነ ቦርከና ሞልቶ ሜዳውን በሚያጥለቀልቅበት ወቅት የተቀበረው በሕይወት መትረፉ በቦታው ሳይፈተን የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ በኮረብታው ግርጌና በመንገድ ዳር ያለው ደረቅ መሬት የተሻለ መጀመሪያ ይመስላል። ይህም ቢሆን አረሙን ያዳክማል እንጂ ነቅሎ አያጠፋም፤ ስለዚህ ከአበባው በፊት በእጅ መንቀሉ፣ ጓንት ማድረጉና በበጋ ከቆላ የሚወጣው ከብት የሚያልፍበትን መንገድ መጠበቁ አብሮ መሄድ ይኖርበታል፤ ይህን ሥራ ደግሞ በከሚሴ ዙሪያ ያሉ ወረዳዎችና የአፋር ጎረቤቶቻቸው ለየብቻ ሊሠሩት አይችሉም።