የቀኝ ልብ ጠባሳና የጂኖች ሥራ

የሳንባ ደም ግፊት በክንድ ላይ ከሚለካው የደም ግፊት የተለየ ሕመም ነው። የክንዱ ልኬት ጤናማ ሆኖ ሳለ ደምን ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ በሚያደርሰው ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ግፊት ሊያሻቅብ ይችላል። ዕረፍት ላይ ባለ ጤናማ ሰው አማካዩ 14 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን፣ ከ20 ሲያልፍ ሕመሙ አለ ይባላል። ሸክሙ የሚያርፈው ግድግዳው ስስ በሆነው በቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል ላይ ነው። መጀመሪያ ጡንቻው ይወፍራል፤ ቆይቶ በጡንቻው መሃል ጠባሳ ይገባል።

ይህ ጠባሳ ሞቶ የቀረ ሥጋ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው። ሕያዋን ሕዋሳት በየቀኑ የሚሠሩት ነው። የጂኖቹ ቅንብር ያው ሆኖ፣ የትኛው ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ይለወጣል። የተወጠረው የጡንቻ ሕዋስ በፅንስ ዘመን ይተጉ የነበሩ ጂኖችን መልሶ ያነሳሳል፤ ጡንቻን ከሚያኮማትረው ፕሮቲን፣ ከማዮሲን፣ ፈጣኑን ዓይነት የሚያመርተው ጂን ሲዳከም የዝግተኛው ይበረታል። የተወጠረ ልብ ወደ ደም የሚለቀው የቢኤንፒ ሆርሞን የላቦራቶሪ ውጤትም ከዚሁ የጂኖች መነሳሳት የተቀዳ ነው፤ ቁጥሩን የሚያነብ ሐኪም የአንድን ጂን ትጋት እያነበበ ነው።

የጠባሳው ዋና ሠሪ ፋይብሮብላስት የተባለው ሕዋስ ነው። ውጥረት እንዲሁም አንጂዮቴንሲን 2፣ ኢንዶተሊን 1 እና ከሁሉም በላይ ቲጂኤፍ ቤታ የተባሉ መልእክተኛ ሞለኪውሎች ይቀሰቅሱታል። ቲጂኤፍ ቤታ ከሕዋሱ ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ስማድ 2 እና ስማድ 3 የተባሉ ፕሮቲኖች ወደ ኒውክለስ ይገባሉ፤ የኮላጅን 1፣ የኮላጅን 3፣ የፋይብሮኔክቲንና የፔሪዮስቲን ጂኖችም ሥራቸው ይጨምራል። ሕዋሱ ራሱ የመኮማተር ጉልበት ያገኛል። ላይሲል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ የኮላጅን ክሮችን እርስ በርስ ስለሚያስተሳስራቸው በቀላሉ አይፈርሱም።

በማሶን ቀለም የተነከረ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው። ጡንቻው ቀይ፣ ኮላጅኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀጫጭን ሰማያዊ ክሮች በጡንቻ ሕዋሳቱ መካከል እየገቡ አንዱን ከሌላው ይለያያሉ። ግድግዳው ይደርቃል፣ ክፍሉ በደም ለመሞላት ይቸገራል፣ የኤሌክትሪክ መልእክቱም መንገዱን ይስታል። በኤምአርአይ ጠባሳው ብዙ ጊዜ የሚታየው የቀኙ ግድግዳ ከመካከለኛው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነው።

ግፊት ብቻውን ይህን ሁሉ ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአይጦች ጥናት አያመጣም ይላል። የሳንባ ደም ቅዳቸው በቀለበት የጠበበባቸው አይጦች ልባቸው ወፍሮም ጸንቶ ቆየ። ሳንባቸው ራሱ የታመመባቸው ግን ጥቃቅን የልብ ደም ሥሮቻቸው ሳስተው፣ ጠባሳም በዝቶ፣ ልባቸው ደከመ።

የጂን ውጤት ሲነበብ ጥንቃቄ ያሻል። ሥጋው ተፈጭቶ ሲመረመር የሕዋሳቱ ሁሉ መልእክት ይደባለቃል፤ የኮላጅን ጂን መብዛቱ ፋይብሮብላስቶቹ መትጋታቸውን ሳይሆን ቁጥራቸው መጨመሩን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው የሚያነበው ዘዴ ሁለቱን ለመለየት ይረዳል።

ሸክሙ ሲቃለል ልብ ያገግማል፤ የሳንባ ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው ሕሙማን የቀኙ ልብ በወራት ውስጥ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የተፈቀደው ሶታተርሴፕት የተባለው መድኃኒት ከቲጂኤፍ ቤታ ቤተሰብ የሆነውን የአክቲቪን መልእክት ይገታል። ለዚህ ሕመም የልብን ጠባሳ በቀጥታ እንዲያጠፋ የተፈቀደ መድኃኒት ግን የለም።

በኢትዮጵያ የሳንባ ደም ግፊት አንዱ መንስኤ በሩማቲክ የልብ ሕመም የሚጠብ የግራ ልብ ቫልቭ ነው። የእነዚህ ሕሙማን የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ውጤት በቫልቩ ስፋት ብቻ መዘጋት የለበትም፤ የቀኙ ልብ ስፋትና ጉልበት በየቀጠሮው ተለክቶ ይጻፍ።