የአካባቢን ካርታ በራስ እጅ፦ ከክፍት መረጃ እስከ ወረቀት

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አሥተዳደር የአንድን መንገድ ርዝመት በኪሎ ሜትር ብቻ መናገር በቂ አይደለም። በቀጥታ መስመር ሲለካ ጎረቤት የሚመስሉ ሁለት መንደሮች በመካከላቸው ገደል ካለ የግማሽ ቀን መንገድ ይራራቃሉ። ተከዜ እና ገባሮቹ በሰነጣጠቁት በዚህ ምድር ነፍሰ ጡርን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዱ ሰዎች፣ ክትባት የሚያደርስ የጤና ባለሙያ እና የውኃ ጉድጓድ ቦታ የሚመርጥ መሐንዲስ ሁሉም የመሬቱን ገጽ በዝርዝር ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ሀገሪቱ በ1 ለ50 ሺህ መስፈርት የተዘጋጁ ካርታዎች አሏት። በእነዚህ ካርታዎች ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ወንዙን እና ተራራውን በሚገባ ያሳያሉ፤ ከታተሙ በኋላ የተሠራ ትምህርት ቤት፣ የተጠረገ መንገድ ወይም የተቆፈረ ጉድጓድ ግን አይገኝባቸውም። የእጅ ስልክ ካርታዎችም የሰቆጣን ከተማ እና ዋና መንገዶችን ቢያሳዩም ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲዘለቅ የሚነግሩት ይቀንሳል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያገለግለው ክፍት የመልክዓ ምድር መረጃ የሚባለው ነው። ከእነዚህ ዋነኛው ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ በ2004 በእንግሊዝ ሀገር ተጀመረ። ማንኛውም ሰው መረጃ ሊጨምርበት፣ ያለ ክፍያ ሊወስደው እና ሊያትመው ይችላል። ግዴታው ሁለት ነው፤ በካርታው ግርጌ የመረጃውን ምንጭ መጻፍ እና መረጃውን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሰው የተሻሻለውን በዚያው የክፍትነት ውል ማቅረብ።

የዚህ አሠራር ጥቅም ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ በጥር 2010 በሄይቲ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። በልዩ ልዩ ሀገራት የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ምስል እየተመለከቱ የፖርቶፕሪንስን ጎዳናዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ በካርታ አሰፈሩ፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችም ተጠቀሙበት። ይሁን እንጂ ከሰማይ የማይታይ ነገር አለ። ምስሉ ጣሪያን ያሳያል፤ ጣሪያው የጤና ኬላ ይሁን መጋዘን አይናገርም። አረንጓዴ ሥፍራን ያሳያል፤ ምንጩ እስከ ግንቦት ይዘልቅ እንደሆነ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ዓላማን በመለየት ነው። የውኃ ካርታ፣ የተማሪዎች የጉዞ ካርታ እና የከተማ ሰፈር ካርታ የሚይዟቸው ምልክቶች የተለያዩ ናቸው፤ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ማጨቅ ካርታውን እንዳይነበብ ያደርገዋል። ቀጥሎ የተፈለገው ቀበሌ መረጃ ከኦፕንስትሪትማፕ ይወርዳል። የመሬቱ ከፍታ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2000 በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከተለካው እና በነጻ ከሚገኘው መረጃ ይወሰዳል። ይህ መረጃ የመሬቱን ከፍታ በየ30 ሜትሩ ገደማ ስለሚመዘግብ ተራራውን እና ሸለቆውን በደንብ ያሳያል፤ ጠባብ ገደል ግን ሊያመልጠው ይችላል።

ሁለቱን መረጃዎች ኪውጂስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር በአንድነት ያነባቸዋል። ሶፍትዌሩ ከከፍታው መረጃ የኮንቱር መስመሮችን ያወጣል። መስመሮቹ የተጠጋጉበት ቦታ ቀጥ ያለ፣ የተራራቁበት ደግሞ ሜዳማ ነው። በይነመረብ የሚያስፈልገው መረጃው በሚወርድበት ጊዜ ብቻ በመሆኑ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢም ሥራው አይቋረጥም።

ከዚያ የወረቀቱ ስሌት ይከተላል። በ1 ለ25 ሺህ መስፈርት 1 ሴንቲ ሜትር 250 ሜትር ነው። ኤ4 የተባለው የተለመደው ወረቀት ከኅዳጉ በቀር 19 በ27 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚይዝ ወደ 5 በ7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይሸፍናል። ለሰፊ ቀበሌ አራት ወረቀት አትሞ ማጣበቅ ይቻላል። ማተሚያው ምስሉን ከገጹ ጋር ለማመጣጠን እንዳያሳንሰው ቅንብሩ መታየት አለበት። በፎቶ ኮፒ ሲያንስ ወይም ሲተልቅ አብሮ የሚለወጥ የመስመር መለኪያ በካርታው ላይ መኖሩም አስፈላጊ ነው። ቀለም በጥቁርና ነጭ ኮፒ ስለሚጠፋ መንገድን በወፍራም፣ የእግር መንገድን በተቆራረጠ መስመር መለየት ይመረጣል። የቦታ ስሞችም ነዋሪው እንደሚጠራቸው፣ በአማርኛም በኽምጠኛም ሊጻፉ ይገባል።

ኮንቱሩ ርቀትን ወደ ጊዜ ለመለወጥም ይረዳል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ በ1892 ባወጣው ቀመር መሠረት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል። 6 ኪሎ ሜትር ርቀት እና 900 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ እንግዲህ 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው። ይህ ባዶ እጁን ለሚሄድ ብርቱ እግረኛ ነው፤ ቃሬዛ ለተሸከሙ ሰዎች ከዚህ ይረዝማል። ጤና ጣቢያው 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል በሚል ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ከግማሽ በላይ የሆነውን ጊዜ ሳይቆጥር ይቀራል።

የመጀመሪያው ኅትመት ረቂቅ ነው። ረቂቁ ከእርሳስ ጋር ለሽማግሌዎች፣ ለእረኞች እና በተለይም ውኃ ለሚቀዱ እናቶች ሊቀርብ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰውን ምንጭ በበጋ ከሚደርቀው፣ የሚሠራውን የእጅ ፓምፕ ከተበላሸው፣ በክረምት የሚያሻግረውን መልካ ከማያሻግረው የሚለዩት እነርሱ ናቸው። በእርሳስ የተጻፈው እርማት ወደ ክፍት መረጃው ከተመለሰ ቀጥሎ ካርታ የሚያትም ሰው ሁሉ ያገኘዋል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ካርታ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርን አይተካም፤ የእርሻ ድንበርንም ሆነ የቀበሌ ወሰንን ለመዳኘት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የሚመለከተው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። የግለሰቦች ስም እና የቤተሰብ ጉዳይም በካርታ ላይ መስፈር የለበትም፤ አንዴ ክፍት የሆነ መረጃ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅምና። ካርታው የታተመበት ወር እና ዓመተ ምሕረት ግን በግልጽ ሊጻፍበት ይገባል። በድርቅ ዓመት የደረቀን ምንጭ እንደሚፈስ አድርጎ የሚያሳይ አሮጌ ካርታ የተጠማን ሰው ካልነበረው መንገድ ላይ ያስቀረዋልና።