ከጃን ሜዳ እስከ መገናኛ፦ የክርስቲያን ጨዋነት በዕለት ኑሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የየካ ቅዱስ ሚካኤል ታቦት ከጃን ሜዳ ተነሥቶ ወደ መንበሩ ሲመለስ፣ መንገዱን ሞልቶ የሚያጅበው ምእመን ለቍጥር ያዳግታል። ወጣቶች አስቀድመው አስፋልቱን ይጠርጋሉ፤ ምንጣፉን ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ሲያልፍ ጠቅልለው ወደ ፊት ሮጠው እንደገና ያነጥፋሉ። አረጋውያን እንዳይገፉ እጅ ለእጅ ተያይዘው አጥር ይሆናሉ። ለተጠማው ውኃ ይቀርብለታል፤ ሳያስበው የሰው እግር የረገጠም ፈጥኖ ይቅርታ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው በአጠገቡ የቆመውን አያውቀውም፤ ሆኖም ሁሉም ለሁሉም ይጠነቀቃል።

በዓሉ አልፎ ብዙ ቀን ሳይቆይ ያው ሕዝብ በመገናኛ የታክሲ ወረፋ ላይ ይገናኛል። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም በሩ በግፊያ ይያዛል። ነፍሰ ጡሯ እናት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በከዘራ የሚሄደው አባት ገለል ይደረጋል። ረዳቱ በተሳፋሪው ላይ፣ ተሳፋሪውም በረዳቱ ላይ ይጮኻል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ውስጥም ወጣቱ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ሲቀመጥ አረጋዊቷ ቆመው ሲጓዙ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ያው እጅ ትናንት ምንጣፍ አንጥፏል፤ ዛሬ ደግሞ ይገፋል። በዚህ ጽሑፍ ጨዋነታችን ከየት እንደ መጣ፣ ለምን እየደከመ እንደ ሄደና እንዴት ሊታደስ እንደሚችል በአጭሩ እንመለከታለን።

ሰላምታ ጸሎት ነው

አበው ያቆዩልን የመከባበር ሥርዓት ከሃይማኖት የተለየ የባህል ጌጥ ብቻ አይደለም። ለ«እንደምን አደራችሁ» መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ስለዚህ ሰላምታችን ምስጋና ነው። እንግዳ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጡት ተነሥተው «ኖር» ይሉታል፤ እርሱም «ኧረ በእግዚአብሔር» ብሎ እንዲቀመጡ ይለምናቸዋል። የተነሣው ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ የመጣውም ክብሩን ለብቻው መውሰድ አይፈልግም፤ በሁለቱም መካከል የእግዚአብሔር ስም ይጠራል። ከማዕድ በፊት ልጅ እንግዳውን እጅ ሲያስታጥብ «እደግ» ተብሎ ይመረቃል። ይህ ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ከማጠቡ ጋር የሚዘመድ ትምህርት ነው (ዮሐ. 13፥4-15)። ልጁ ማገልገል ውርደት አለመሆኑን ገና ማንበብ ሳይችል በእጁ ይማረዋል።

የቅዱሳት መጻሕፍት ምስክርነትም ይህንኑ ያሳያል። አባታችን አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ሳለ ሦስቱን እንግዶች ባየ ጊዜ ሊቀበላቸው ሮጦ ወደ ምድር ሰገደ (ዘፍ. 18፥2)። ማን እንደ ሆኑ ከማወቁ በፊት አከበራቸው። ሣራን ሊቀብር የመቃብር ቦታ በለመነ ጊዜም፣ በኀዘን ላይ ሳለ፣ ለኬጢ ልጆች እጅ ነሥቷል (ዘፍ. 23፥7)። የኦሪት ሕግ በሽበታሙ ፊት መነሣትን ከፈሪሃ እግዚአብሔር ጋር አያይዞ ያዝዛል (ዘሌ. 19፥32)። ጌታችንም በፈሪሳዊው በስምዖን ቤት በማዕድ ሳለ፣ ባለቤቱ ለእግሩ ውኃ አለማቅረቡንና በሰላምታ አለመሳሙን አንሥቶ ወቅሶታል (ሉቃ. 7፥44-46)። ዛሬ ብዙዎች «ጥቃቅን ነገር» የሚሉትን እርሱ የፍቅር መለኪያ አድርጎታል።

ቅድስት ድንግል ማርያም ወደ ተራራማው አገር ወጥታ ኤልሳቤጥን ሰላም ባለቻት ጊዜ በማኅፀን ያለው ፅንስ በደስታ ዘለለ፤ ኤልሳቤጥም መንፈስ ቅዱስ ሞላባት (ሉቃ. 1፥39-41)። በቅዳሴያችንም ካህኑ ለሕዝቡ ሰላምን ያውጃል፤ ሕዝቡም ይመልሳል፤ ዲያቆኑም እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ያዝዛል። በቤተ መቅደስ ለማናውቀው ሰው እጅ የምንነሣው ከበር ውጭም እንድንኖርበት ነው።

ይሉኝታ ሲደክም

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ደከመ? «የዛሬ ልጅ ተበላሸ» ማለት ቀላል ነው፤ ግን በቂ መልስ አይሆንም። የካን ብቻ ብንመለከት፣ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 346,664 ነዋሪዎች የተቈጠሩበት ክፍለ ከተማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮተቤን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ የተዘረጉት ሰፈሮችና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከየአቅጣጫው የመጣን ሰው በአንድ ደረጃ ላይ አገናኝተዋል። በቀድሞው ሰፈር ልጅ ቢያጠፋ ጎረቤት ይገሥጸው ነበር፤ የጎረቤቱን ቡና የሚጠጣ፣ በአንድ ዕድር የሚገናኝ ሰው ነበርና። ዛሬ ፊት ለፊት ባለው በር የሚኖረውን ሰው ስም የማያውቅ ብዙ ነው። ወላጆች ማልደው ወጥተው አምሽተው ይገባሉ፤ ልጁ በማዕድ ዙሪያ ሆኖ ታላላቆቹን እያየ የሚማርበት ሰዓት አጥሯል። በቄስ ትምህርት ቤት ከ«ሀ ሁ» ጋር ለመምህር እጅ መንሣትን የሚማረውም ሕፃን ቍጥሩ ቀንሷል።

ከዚህ ሁሉ በታች ግን ልናስተውለው የሚገባ ጥልቅ ምክንያት አለ። ብዙው ጨዋነታችን የቆመው በይሉኝታ ላይ ነበር። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ማለት ነው። የሚያውቀን ሰው ባለበት ቦታ ይሠራል፤ የሚያውቀን በሌለበት ግን ኃይሉ ያልቃል። በመገናኛ ግፊያ ውስጥ ማንም የማንን ልጅነት አያውቅም፤ ስለዚህ ይሉኝታ እዚያ ዝም ይላል። ፈሪሃ እግዚአብሔር ግን የሚያይ ጎረቤት አይሻም። ጌታችን ወንድሞቻችንን ብቻ ሰላም ብንል ከሌሎች ምን ብልጫ እንዳደረግን የጠየቀው ስለዚህ ነው (ማቴ. 5፥47)። የክርስቲያን ጨዋነት የሚፈተነው በማያውቀን ሰው ፊት ነው።

የቀድሞው ዘመን ሁሉ ነቀፋ የሌለበት ነበር ማለታችንም አይደለም። ለባለጠጋው የሚነሣው ሰው ለሸክላ ሠሪዋ የማይነሣበት፣ ባለሥልጣኑ ጎንበስ ተብሎለት የቤት ሠራተኛዋ «ደኅና ነሽ» የማትባልበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬም አልቀረም። ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ላደረገው የክብር ቦታ ሰጥቶ ድኻውን «ቁም» የሚለውን ጉባኤ ነቅፏል (ያዕ. 2፥2-4)። ስለዚህ ልንመልሰው የሚገባን ለሹመትና ለሀብት የሚደረገውን እጅ መንሣት ሳይሆን በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረ ሰው ሁሉ የሚገባውን አክብሮት ነው።

በእንጦጦ መንገድ

ከየካ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ለዚህ ትምህርት ምቹ ቦታ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቈሯ በፊት መናገሻው በዚያ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በእንጦጦ ማርያም ነው። ዛሬ ወደ ተራራው የሚወጣው ሰው ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱ ሊሳለም፣ ሌላው ሊጠመቅ፣ ሌላው በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው መናፈሻ ሊዝናና ይወጣል። በዚያው መንገድ ደግሞ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው ጐብጦ ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክም ለያዘ መንገድ መልቀቅና «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ» ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። ሊሳለም የሚወጣ ሰው በመኪናው ጥሩንባ ሲያስደነግጣቸው፣ በክረምትም ጭቃ ሲረጭባቸው፣ የሄደበትን ዓላማ በመንገድ ላይ ያጎድለዋል። በዚያው አንደበት እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ሰውን መርገም እንደማይገባ ሐዋርያው አስተምሯል (ያዕ. 3፥9-10)።

በጠበል ቦታ የሚታየው ደግሞ ከሁሉ ያሳዝናል። ሕመምተኛው ፈውስ ሽቶ፣ ክብሩን ሁሉ ትቶ በእግዚአብሔር ፊት የቆመበት ሰዓት ነው። ክፉ መንፈስ ሲያስጮኸው በስልክ እየቀረጹ ለሌላ ማሳየት፣ መሳቅ፣ የደዌውን ስም እየጠሩ መንሾካሾክ፣ በወረፋ ደካማውን ቀድሞ መግባት፣ እነዚህ ሁሉ ከጠበሉ ጸጋ ጋር አይስማሙም። ያ ሕመምተኛ ነገ ድኖ ወደ ሥራውና ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ ምስሉ ግን ከሰው ስልክ ላይ አይጠፋም። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ወደ ጠበሉ መምጣትን የሚተው ሰው ቢኖር ተጠያቂው ማን ነው? ጌታችን ለታናናሾቹ ያደረግነውን ለእርሱ እንዳደረግነው ይቈጥራል (ማቴ. 25፥40)፤ ስለዚህ የሕመምተኛውን ገመና መሸፈን ለእርሱ የሚቀርብ አገልግሎት ነው።

ከየት እንጀምር?

የመጀመሪያው ቦታ ቤት ነው። በቀን አንድ ማዕድ እንኳ ቢሆን ስልክ ሁሉ ተነሥቶ፣ ጸሎት ተደርሶ፣ ታናሽ ታላቁን እጅ አስታጥቦ ይበላ። ልጆች «ተነሡ» ስለተባሉ ብቻ ሳይሆን ወላጆቻቸው ሲነሡ ስላዩ ይነሣሉ። ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ቃልም ለልጆቻቸው ትምህርት ነው። የቤት ሠራተኛዋን በስሟ መጥራት፣ ስላቀረበችውም ማመስገን ከዚሁ ይቈጠራል፤ ከዐሥሩ ለምጻሞች ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ መሆኑ ጌታን ዘጠኙ የት እንዳሉ አስጠይቋልና (ሉቃ. 17፥15-18)።

ሁለተኛው ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቶች በጥር 12 ቀን የሚያሳዩትን አገልግሎት ለዓመቱ ሁሉ ሊያስፋፉት ይችላሉ። አዲስ ወደ ሰፈሩ የመጣን ምእመን በቅዳሴ መጨረሻ ሰላም ማለት፣ አረጋውያንን እስከ ታክሲ መሸኘት፣ በጠበል ቦታ ወረፋ ማስከበርና ቀረጻን መከልከል ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

ሦስተኛው ቦታ መንገድ ነው። ወንበር መልቀቅ፣ ወረፋ መጠበቅ፣ ለረዳቱ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት፣ ሲሰደቡ ዝም ማለት ትንንሽ ጾሞች ናቸው። ሆድ ከእህል ሲጾም አንደበትም ከስድብ፣ እጅም ከግፊያ ይጾማል። ሁሉም እስኪለወጥ አንጠብቅ፤ በአንድ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው ሲነሣ ሌላው እንደሚያፍርና እንደሚከተል ሁላችንም አይተናል።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የሚያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወድ እንደማይችል ወንጌላዊው ዮሐንስ ጽፎልናል (1ዮሐ. 4፥20)። በታቦቱ ፊት ያነጠፍነው ምንጣፍ በበዓሉ ማግሥት ይጠቀለላል፤ የወረፋው፣ የደረጃውና የጠበሉ ጎዳና ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። በዚያም ለባልንጀራችን መንገድ እየለቀቅን እንድናልፍ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱስ ሚካኤል ተራዳኢነት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።