አልለቅ ያለ የፊት ፍሬን

የአሮጌ ሞተር ሳይክል የፊት ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በእጅ ሲሽከረከር ደጋግሞ መዞር ይገባዋል። ግማሽ ዙር ሄዶ እሽሽ እያለ ከቆመ ፍሬኑ አልለቀቀም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የሚያማው ዲስኩን አቅፎ የያዘውን ካሊፐር ነው። ይፈታል፣ ሸራ ይቀየርለታል፣ ይገጠማል፤ ሰንብቶ ያው ይሆናል። ምክንያቱም ፍሬኑን ወደ ቦታው የሚመልሰው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ነው የተፈታው።

በታምቡር ፍሬን ሸራዎቹን ጎትቶ የሚመልስ ሞላ አለ። ሆንዳ ሲቢ 750 እ.ኤ.አ. በ1969 በዘይት ግፊት የሚሠራ የፊት ዲስክ ይዞ ሲወጣ ግን በካሊፐሩ ውስጥ ፒስተኑን የሚስብ ሞላ አልነበረም። ሥራው የተተወው ለአንዲት ቀለበት ጎሚኒ ነው። ፒስተኑ ወደ ዲስኩ ሲገፋ ጎሚኒዋ እንደነከሰችው አብራው ትለጠጣለች፤ እጀታው ሲለቀቅ ወደ ቅርጿ ስትመለስ ፒስተኑንም ይዛው ትመለሳለች። የምትመልሰው ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ርቀት ነው፤ ለፍሬኑ ግን ይበቃዋል። ይህን ሥራ የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ የጎሚኒዋ ማርጀት ሳይሆን የተቀመጠችበት ቦይ ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ አልሙኒየሙን ይበላውና ከጎሚኒዋ ጀርባ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ይጋገራል። ያ ክምር ጎሚኒዋን ከፒስተኑ ጋር ያጣብቃታል፤ መለጠጫ ቦታ ያሳጣታል። ባልተጠረገ ቦይ አዲስ ጎሚኒ መክተት እንግዲህ ገንዘብ ማባከን ነው። ቦዩ ጫፉ በታጠፈ ቀጭን ነገር፣ ግድግዳው ሳይጫር፣ ጥግ ጥጉ እስኪያበራ መፋቅ አለበት። የሚታጠበውም በንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው፤ ቤንዚንና የሞተር ዘይት ጎሚኒን ያሳብጣሉ።

ካሊፐሩ ከመፈታቱ በፊት ግን ጥፋቱ እዚያ መሆኑ ይረጋገጥ። እጀታው ተጨብጦ ይለቀቅና ጎማው እንደተያዘ የካሊፐሩ አየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ይላላ። ጥቂት ዘይት ወጥቶ ጎማው ከተፈታ የያዘው የታመቀ ግፊት ነው፤ ካልተፈታ ፒስተኑ ወይም ካሊፐሩ የሚንቀሳቀስበት ማጠፊያ ደርቋል። በሲቢ 750 ካሊፐሩ የተያዘው በሚዞር ክንድ ላይ ስለሆነ፣ የክንዱ ፒን ዝጎ ከሆነ ፒስተኑ ቢታደስም ለውጥ አይመጣም። ግፊት ታምቆ ከሆነ ደግሞ ብሎኑ ተዘግቶ፣ ፍሬኑ እንደገና እንዲይዝ ተደርጎ፣ ቱቦው መሪው ላይ ካለው ፖምፓ ጋር የሚገናኝበት ይላላ። ጎማው ከተፈታ በዳዩ ፖምፓው ነው፤ ካልተፈታ ውስጡ አብጦ መንገድ የዘጋ የጎማ ቱቦ ነው።

በፖምፓው ከዘይት ማጠራቀሚያው ሥር ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ትንሿ ከመርፌ ጫፍ እምብዛም አትበልጥም፤ ብዙ ሰውም መኖሯን አያውቅም። እጀታው ሲለቀቅ በሙቀት የተስፋፋው ዘይት የሚመለሰው በእሷ ነው። በቆሻሻ ስትደፈን ዘይቱ መሄጃ ያጣል፤ ሞተሩ በተነዳ ቁጥር ፍሬኑ እየሞቀ፣ በሞቀ ቁጥርም እየጠበቀ ይሄዳል። ክፍት ከሆነች እጀታው ቀስ ተብሎ ሲጨበጥ ማጠራቀሚያው ውስጥ ዘይቱ ፊን ብሎ ሲነሣ ይታያል (ፊትን ማራቅ ነው፤ ዓይንም ቀለምም ይጎዳል)። ከተደፈነች በቀጭን የጊታር ክር ትጠረጋለች። አንዳንዴ ቀዳዳዋ ንጹሕ ሆና ሳለ ከሌላ ሞተር የመጣ እጀታ ፒስተኑን እስከ መጨረሻው እንዳይመለስ ይይዘውና ቀዳዳዋን ይሸፍናታል። ስለዚህ እጀታው ትንሽ ልል እንቅስቃሴ እንዳለው መታየት አለበት።

ዲስክ ፍሬን ሁልጊዜ ትንሽ ይነካል፣ ምን ያስጨንቃል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ድምፁ እየተሰማ ጎማው ያለ ችግር ከዞረ ጤነኛ ነው። ፍሬን ሳይያዝ ጥቂት ተነድቶ በዲስኩ ላይ የተጣለ የውሃ ጠብታ ከፈላ ግን ጉዳዩ የድምፅ አይደለም። ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ይበቃል የሚለው ምክር ደግሞ ከነአካቴው አይረዳም፤ ፒስተኑ እጀታው በተጨበጠ ቁጥር የሳሳውን ያህል ወደፊት ይጠጋል፣ ክፍተቱም ያው ይሆናል። መለዋወጫ ብርቅ ነው ለሚለው፣ ከላይ ከተቆጠሩት አብዛኞቹ የሚፈልጉት ጽዳት እንጂ ዕቃ አይደለም። ለየት ከሚሉት አንዱ ክሮሙ የተላጠ ፒስተን ነው፤ እሱ በወረቀት ቢታሽም ጎሚኒዋን ስለሚበላ መለወጥ አለበት።

ዘይቱን መቀየር ብቻ የያዘ ፍሬን አያስለቅቅም፤ የተጠገነው ችግር እንዳይመለስ ግን ያግዛል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። በሚይዝ ፍሬን ሙቀት ዘይቱ ከፈላ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ባዶውን ይገባል፤ ያኔ አልለቅ ያለው ፍሬን አልይዝም ይላል። በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት።