የሕፃናት ክፍል ሥዕል፦ ትርፉም ጣጣውም ደማቁ ቀለም ላይ ነው

በብቸናና በሞጣ ለሕፃናት የሚሣል ግድግዳ ገዢው ወላጅ ሳይሆን መዋዕለ ሕፃናት ነው። ለልጁ የብቻ መኝታ ክፍል ያለው ቤተሰብ በእነዚህ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ጥቂት ነው፤ ያለውም ቢሆን ሠዓሊ ከመጥራት ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ተለጣፊ ሥዕል መግዛት ይቀለዋል። የግል መዋዕለ ሕፃናት ግን ያለ ሥዕል ምዝገባ አይጀምርም ማለት ይቻላል። ከአጥሩ እስከ ክፍሉ ፊደል፣ ቁጥር፣ ሙዝ፣ አንበሳና ባለ ትልቅ ጆሮው የአሜሪካ አይጥ ይደረደሩበታል። ወላጅ ከትምህርቱ በፊት የሚያየው ግድግዳውን ነውና ወጪው በማስታወቂያ ሒሳብ ቢመዘገብ ስሕተት አይሆንም።

ገበያውን ያሰፋው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ነው። ከዚያ ወዲህ «ዜሮ ክፍል» የሚባለው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ እየተከፈተ ለሠዓሊዎች ተጨማሪ ሥራ አምጥቷል። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን በመዝጋቱ ይኸው ገበያ ክፉኛ ተመቷል።

የዚህ ሥራ ወቅት ራሱ አስቸጋሪ ነው። ትምህርት ቤቶች ግድግዳቸውን የሚያድሱት ከመስከረም በፊት፣ ማለትም ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ጎጃም ውስጥ ዝናቡ የሚበረታውም ያኔ ነው። እርጥበት በያዘ የጭቃ ግድግዳ ላይ ዘይት ቀለም ሲቀባ ውኃው መውጫ ያጣና ቅቡን እየገፋ ይልጠዋል። ፕላስቲክ ቀለም ግን እርጥበቱን በተሻለ ያስወጣል። ሆኖም ዘይት ቀለም ያብለጨልጫል፣ በጨርቅም ይወለወላል፤ የመዋዕለ ሕፃናት ባለቤቶች የሚወዱትም ስለዚህ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 7 በ8 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 30 ሜትር ነው። ሥዕሉ ሕፃናት በሚደርሱበት 1 ሜትር ከ50 ከፍታ ብቻ ቢሠራ 45 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሊትር ቀለም በአማካይ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ቢባል፣ መደቡን ሁለት እጅ ለመቀባት 9 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጋሎን ተኩል የማይሞላ ይበቃል። ችግሩ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው። ስድስትና ሰባት ዓይነት ደማቅ ቀለም ይፈለጋል፤ ከእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር እንኳ ላይፈጅ ይችላል፤ ሱቁ ግን በጣሳ እንጂ በማንኪያ አይሸጥም። ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃቸውን በአብዛኛው ከውጭ ስለሚያስገቡ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ብክነት ይበልጥ የሚሰማ ሆኗል። ሥራውን ከነዕቃው በአንድ ዋጋ የተዋዋለ ሠዓሊ ትርፉን ለማትረፍ ከብረት በርና ከመስኮት ቅብ የተረፈውን ቢጫና ቀይ ዘይት ቀለም ግድግዳው ላይ ቢጨርስ አያስደንቅም።

ጣጣው የሚመጣው ከዚሁ ነው። ዘይት ቀለምን ለማድመቅ፣ በተለይም ቢጫና ብርቱካናማ ለማድረግ፣ የእርሳስ ማዕድን ያለበት ሊድ ክሮሜት የተባለ ዱቄት ሲጨመር ኖሯል። (ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ ስሙን ይጋራል እንጂ ማዕድኑ የለበትም።) ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ይህም በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም 90 ሚሊግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ሰውነታቸው የሚወስደው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ሲሆን፣ ጉዳቱም አእምሮ ላይ ያርፋል። እርጥብ ግድግዳ የላጠው ቢጫ ቅርፊት መሬት ሲወድቅ የሚያነሣው ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ ነው።

አገሩ ለጭቃ ግድግዳ የራሱ መላ ነበረው። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች መቅደሱን ሲያስጌጡ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን ግድግዳው ላይ ይለጥፉ ነበር። በጎጃም ተወልደው በአዲስ አበባ በሥዕል የኖሩት ቄስ አዳሙ ተስፋውም ከዚሁ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የመጡ ናቸው፤ ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ የፋውለር ሙዚየም ለብቻቸው ታይተዋል። በአቡጀዲ ላይ በፕላስቲክ ቀለም ተሥሎ የሚሰቀል የሕፃናት ሥዕል በበጋ ተሠርቶ ለክረምት ይደርሳል። ግድግዳውን አይጠብቅም፤ የተከራየውን ቤት ለቆ የሚሄድ መዋዕለ ሕፃናትም ጠቅልሎ ይወስደዋል። ለመኝታ ቤት ገዢም ከተለጣፊው ጋር የሚወዳደረው ይኸኛው ነው።

ግድግዳው ላይ ካልሆነ የሚል ገዢ የእጅ ዋጋውን ከዕቃው ለይቶ ቢዋዋል ይሻለዋል። ቀለሙን ራሱ በደረሰኝ ይገዛል፤ ጣሳው ላይ የእርሳስ መጠኑ መጻፉን ያያል። የቆየው ዘይት ቀለም ሲፋቅ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይታሽም፤ ውኃ እየተረጨ ይፋቃል፣ ፍቃፊውም ሕፃናቱ ከመመለሳቸው በፊት ተለቅሞ ይወጣል።